ቫይረስ የትምህርት ፋይልን እንዴት ያጠፋል? ሶፍትዌሩንስ እስከ ምን ድረስ እንመን?

ፍላሻችሁን ሰክታችሁ ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ካገኛችኋቸው፣ ወይም ፍላሹ ባዶ መስሎ እየታየ ግማሽ ቦታው ተይዟል የሚል ከሆነ፣ ፎርማት አታድርጉት። ሥራችሁ እዚያው አለ። በዚህ ዓይነት ቫይረስ የተያዘን ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው ቫይረሱ ሳይሆን ደንግጦ «ፎርማት» የሚለውን የሚጫን ሰው ነው።

የሾርትከት ቫይረስ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፍላሹ ላይ ባሉት ፎልደሮች ላይ «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚሉ ሁለት ምልክቶችን ያደርግባቸዋል። ዊንዶውስ እነዚህን ሁለት ምልክቶች የያዘ ነገር ለተጠቃሚ አያሳይም፤ የራሱን አስፈላጊ ፋይሎች የሚሰውረውም በዚሁ መንገድ ነው። ቀጥሎ ቫይረሱ በእያንዳንዱ ፎልደር ስም አንዳንድ ሾርትከት ይፈጥርና የፎልደር ምስል ይሰጠዋል። ሾርትከቱን ሁለቴ ስትጫኑት ሁለት ትዕዛዝ ተከታትሎ ይፈጸማል። መጀመሪያ እዚያው ፍላሽ ላይ የተደበቀችው ትንሽ ስክሪፕት (የትዕዛዝ ፋይል) ትነሳለች፤ ከዚያ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል። ፎልደሩ ስለተከፈተ ማንም ምንም አይጠረጥርም። ስክሪፕቷ ግን ራሷን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብራ እንድትነሳ አድርጋ ጨርሳለች። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ በሴኮንዶች ውስጥ ይያዛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይጸዳል፣ ፍላሹ ይከተላል። ፍላሹን አጽድቶ በተያዘ ኮምፒውተር ላይ መልሶ መሰካት ሥራውን ከዜሮ መጀመር ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብታችሁ ከስካን ምርጫዎች «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ገና ሳይጀምር ፍተሻው 15 ደቂቃ ያህል ይሠራል። ከተራው ፍተሻ የሚሻለው ቫይረሱ ገና ሳይነሳ ስለሚያገኘው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የተከፈተ ሥራ ካለ ሴቭ አድርጉ፤ ፍተሻው ሲጀመር ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

ኮምፒውተሩ ሲጸዳ ፍላሹን ሰክታችሁ ሾርትከቶቹን ሳትነኩ የተደበቁትን እንዲያሳይ ማድረግ ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» በሚለው ገጽ ሦስት ነገሮችን ቀይሩ። የተደበቁ ፋይሎችና ፎልደሮች ይታዩ የሚለውን ምረጡ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡ (ዊንዶውስ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አዎ በሉት)፤ የታወቁ ፋይሎችን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን የፋይል ዓይነት መለያ) ደብቅ ከሚለውም ላይ እንዲሁ አንሡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ቀይሮ ምንም ስለማይታየው ፋይሉ ጠፍቷል ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው ካልተነሳ የሲስተም ምልክት ያለበት ፎልደር ተደብቆ ይቀራል።

አሁን ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ፤ ስሙ ባዶ የሚመስለው ቫይረሱ በማይታይ ፊደል ስለሰየመው ነው። «ፕሮፐርቲስ» ገብታችሁ «ድብቅ» የሚለውን ለማንሳት ብትሞክሩ አይፈቅድላችሁም፤ የሲስተም ምልክቱ ቆልፎታል። ከእሱ ጋር ከመታገል ይልቅ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ፣ ደብዛዛውን ፎልደር ክፈቱ፣ በውስጡ ያሉትን ሰነዶች ወደ አዲሱ ገልብጡ። የምትገለብጡት የወርድ፣ የኤክሴል፣ የፓወርፖይንት፣ የፒዲኤፍና የምስል ፋይሎችን ብቻ ይሁን። ቅጥያቸው ኢኤክስኢ (exe)፣ ቪቢኤስ (vbs)፣ ጄኤስ (js)፣ ባት (bat) ወይም ኤልኤንኬ (lnk) የሆኑትን እዚያው ተዉአቸው፤ ፕሮግራም፣ ስክሪፕት ወይም ሾርትከት ናቸው። የገለበጣችኋቸውን ሦስት አራት ሰነዶች ከፍታችሁ ይዘታቸው ሙሉ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ፍላሹን ያን ጊዜ ፎርማት አድርጉት።

ሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ሊኑክስ የዊንዶውስን የድብቅነት ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ የዊንዶውስ ስክሪፕቱም አይነሳለትም። ፎልደሮቹ ምንም እንዳልሆኑ ሆነው ይታያሉ።

በእጃችሁ ያለው መብት በፕሮግራሙም እጅ አለ

አንድን ፕሮግራም ስትከፍቱ ፕሮግራሙ የሚሠራው በእናንተ ስምና በእናንተ መብት ነው። እናንተ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን መክፈት፣ መቀየርና ማጥፋት ከቻላችሁ፣ ከፍታችሁ የተዋችሁት ጨዋታም፣ የፒዲኤፍ መቀየሪያም፣ የዋይፋይ ማፍጠኛ ነኝ የሚለውም ይችላል። በተራ ኮምፒውተር ላይ ጨዋታው የጨዋታ ፎልደሩን ብቻ እንዲነካ የሚከለክለው ግድግዳ የለም። በስልክ ላይ የተሻለ ነው፤ እያንዳንዱ መተግበሪያ በራሱ ክፍል ተዘግቶ ይሠራል፣ ከዚያ ለመውጣት ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ፋይል የሚያጠፋው ቫይረስና መረጃ የሚለቅመው ሶፍትዌር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የሚጠቀሙት እናንተ የሰጣችሁትን ያንኑ መብት ነው፤ አንዱ ለማበላሸት፣ ሌላው ለማንበብ። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ይህ ፕሮግራም ጥሩ ነው መጥፎ?» ሳይሆን «ምን ምን መንካት ይችላል? የነካውንስ የት ይወስደዋል?» የሚለው ነው።

ፋይሉን የሚቆልፈው

ከሾርትከት ቫይረሱ በእጅጉ የሚከፋው ፋይሎችን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ነው። ስለ እሱ ሲነገር ሆስፒታልና ባንክ ስለሚጠቀሱ ተማሪ «እኔን ምን ሊለኝ» ይላል። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው የራንሰምዌር ቤተሰብ ግን ዋና ሰለባዎቹ ግለሰቦች ናቸው፤ የሚሰራጨውም በአብዛኛው ክፍያ የሚጠይቁ ሶፍትዌሮችን በነፃ እንከፍታለን በሚሉ ክራኮችና የቁልፍ ማመንጫዎች አማካይነት ነው። ስታቲስቲክስ መሥሪያ፣ የምህንድስና ንድፍ መሥሪያ፣ ቪዲዮ ማቀናበሪያ፤ ተማሪ ለኮርስ የሚያስፈልገው ሁሉ ክራክ አለው።

የክራኩ መመሪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ክራክ ሁሉ ቫይረስ ላይሆን ይችላል፤ ችግሩ አንቲቫይረሱ ንጹሑንም የተመረዘውንም ክራክ በአንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ስለሚያስቆመው፣ ተጠቃሚው «ክራክ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው» ብሎ ማስጠንቀቂያውን ማለፍ ይለምዳል። የቫይረሱ ባለቤቶች የሚተማመኑት በዚህ ልማድ ላይ ነው።

ዲጄቩ ከተነሳ በኋላ፣ በአንዳንድ ዝርያዎቹ፣ የውሸት የዊንዶውስ አፕዴት መስኮት ያሳያል። ኮምፒውተሩ የዘገየው በአፕዴቱ ምክንያት እንዲመስላችሁ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየቆለፈ ነው። ከፋይሉ ስም በስተመጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ አራት ፊደል ያለው አዲስ ቅጥያ ይጨምርበታል፣ ዊንዶውስ ያስቀመጣቸውን የቀድሞ ቅጂዎች ይሰርዛል፣ በየፎልደሩም «ሪድሚ» የሚል ማስታወሻ ይጥላል። ለረጅም ጊዜ ማስታወሻው የሚጠይቀው 980 ዶላር ሲሆን በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚከፍል በግማሽ ቀንሶ 490 ዶላር ይል ነበር። ብዙ ጊዜ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም አስከትሎ ይገባል። ፋይሉን ብቻ ሲያስብ የከረመ ሰው ኢሜይሉም መወሰዱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ከንጹሕ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ ሆናችሁ የይለፍ ቃላችሁን ሁሉ ቀይሩ፤ የኢሜይሉን አስቀድሙ፣ ምክንያቱም የሌሎቹ መለወጫ በር እሱ ነው።

ፋይሎች ስማቸው ሲቀየር ዓይናችሁ እያየ ከያዛችሁት መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ የተሰካ ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ ንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፉ። የቀረው ፋይል የሚተርፈው በዚህ ነው። ቀጥሎ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ወይም በሊኑክስ ፍላሽ አስነስቶ ያልተቆለፈውን ማውጣት ይቻላል።

የተቆለፈውን መክፈት ይቻላል? አንዳንዱን። ቫይረሱ ከጌቶቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ካልቻለ በውስጡ ይዞት የመጣውን ቁልፍ ይጠቀማል፤ ያ ቁልፍ ለብዙ ሰለባዎች አንድ ስለሆነ አንዴ ከታወቀ ለሁሉም ይሠራል። በማስታወሻው ላይ ያለው የግል መለያ ቁጥር በእንግሊዝኛው «ቲ» ፊደልና በ1 ካለቀ ይህ የእናንተ ዕድል ሊሆን ይችላል። ኢምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዲጄቩ ነፃ መፍቻ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና ሁለት የደህንነት ኩባንያዎች የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባለው ገጽም የብዙ ዓይነት ራንሰምዌር መፍቻዎችን በነፃ ይሰጣል። ዛሬ መፍቻ ባይገኝ የተቆለፉትን ፋይሎች አትሰርዙ፤ ሌላ ቦታ አስቀምጧቸው፣ ቁልፎች ከጊዜ በኋላ የተገኙበት አጋጣሚ አለ። ሌላም ተስፋ አለ። ዲጄቩ ለፍጥነቱ ሲል የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው የሚቆልፈው። አጭር የወርድ ሰነድ በዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ የቃለ መጠይቅ ቪዲዮና ድምፅ ወይም ትልቅ ዚፕ ግን አብዛኛው አካሉ ስላልተነካ በመጠገኛ ሶፍትዌር የሚድንበት ጊዜ አለ።

ገንዘብ ከፍሎ ማስከፈት? አንመክርም። የሚቀበለው ሰው ቁልፉን ለመስጠት የሚያስገድደው ነገር የለም።

ማክሮና ባለ ሁለት ጅራት ፋይል

የወርድና የኤክሴል ፋይል ማክሮ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሊሸከም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በወርድ ሰነድ ተሸክሞ ነው። ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮን በራሱ ማገድ ጀምሯል። እዚህ ላይ ግን ተማሪን የሚመለከት ቀዳዳ አለ። ዊንዶውስ «ይህ ከኢንተርኔት የመጣ ነው» የሚለውን ምልክት የሚያኖረው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ላይ ነው፤ ፍላሾች ግን በአብዛኛው ፋት32 ወይም ኤክስፋት ስለሆኑ ምልክቱን መያዝ አይችሉም። አንዱ ተማሪ አውርዶ በፍላሽ ለሌላው ሲያቀብል ምልክቱ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ እገዳውም አብሮ ይቀራል። የሚቀረው «ይዘቱን ፍቀድ» የሚለው ቢጫ መስመር ብቻ ነው። ለንባብ የተሰጣችሁ ሰነድ ማክሮ የሚፈልግበት ምክንያት የለም፤ አትፍቀዱ።

የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አድርጉ ያልነውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የተላከው የጽሑፍ ፋይል መስሎ ነበር፤ የመጨረሻውን ቪቢኤስ የሚል ቅጥያ ዊንዶውስ ስለሚደብቀው ብዙዎች ተራ ደብዳቤ መስሏቸው ከፈቱት። ዛሬም «አሳይንመንት.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የሚመስል ስም ይሠራል።

ከጠፋ በኋላ ምን ይፈለጋል?

ሁሉም ጥፋት የቫይረስ አይደለም። ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋ ሰነድ ከሆነ ወርድ ውስጥ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ዶክዩመንት» ብላችሁ ያልተቀመጡ ሰነዶችን አስመልስ የሚለውን ክፈቱ። እነዚህ ቅጂዎች የሚቆዩት አራት ቀን ነው። ወርድ በየ10 ደቂቃው የማገገሚያ ቅጂ ይይዛል፤ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» በሚለው ገጽ ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ አውርዱት።

ከፍላሽ የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው አይገባም። ቢሆንም ወዲያው አይደመሰስም፤ የሚጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ የሚያመለክተው መዝገብ ነው። ፈጣን ፎርማትም እንዲሁ መዝገቡን ብቻ ያድሳል። «ፈጣን» ከሚለው ላይ ምልክቱ ተነስቶ የተደረገ ፎርማት ግን በዊንዶውስ ሙሉ ፍላሹን በዜሮ ይሞላዋል፣ ከዚያ የሚወጣ ነገር የለም። ስለዚህ የተሰረዘበትን ፍላሽ ንቀሉት፣ ምንም ነገር አትጻፉበት፤ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ በሚባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ፈልጉ፣ የተገኘውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ፎቶሬክ ስሙ በፎቶ ቢጀምርም የወርድ ሰነድም ያወጣል፤ የፋይሉን ስም ግን አይመልስም፣ መቶ ቁጥር የተሰጣቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ መክፈት ይጠይቃል። ኤስኤስዲ በሚባለው የላፕቶፕ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ግን ተስፋው የመነመነ ነው፤ ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ባዶ እንዲያደርገው ለዲስኩ ወዲያው ይነግረዋል።

«ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ የማይከፈት የወርድ ሰነድ ካላችሁ ደግሞ ቅጂውን አውጥታችሁ ቅጥያውን ወደ ዚፕ ቀይሩት። ዘመናዊው የወርድ ፋይል በውስጡ የታጨቀ ዚፕ ነው። ከተከፈተ «ወርድ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ጽሑፉ በሙሉ፣ «ሚዲያ» በሚለው ውስጥ ምስሎቹ ይገኛሉ። ቅርጹ ይጠፋል፣ ቃላቱ ይተርፋሉ።

ቅጂው የት ይቀመጥ?

3-2-1 የሚባለውን ሕግ በሰፊው ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶግራፈር ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለተማሪ ሲመነዘር አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ሥራ ሲያልቅ በሚነቀል ፍላሽ ወይም ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ በጎግል ድራይቭ ወይም በዋንድራይቭ ላይ ይሆናል። ጎግል 15 ጊጋባይት፣ ማይክሮሶፍት 5 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ፤ ለጽሑፍ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

«በሚነቀል» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ውጫዊ ዲስክ ለራንሰምዌር ሌላ ፎልደር ማለት ነው፣ እሱም ይቆለፋል። ከክላውድ (እንደ ጎግል ድራይቭ ካለ የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ጋር በራሱ የሚናበብ ፎልደርም እንዲሁ፤ የተቆለፈው ፋይል ወደ ላይ ይጫናል፣ ጤነኛው ይሰረዛል። የሚያድናችሁ የክላውዱ የቀድሞ ቅጂ መዝገብ ነው። ጎግል ድራይቭ የአንድን ፋይል የቀድሞ ቅጂዎች ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ቅጂ ያቆያል፤ በግል አካውንት ዋንድራይቭ የመጨረሻዎቹን 25 ቅጂዎች ይመልሳል። ቫይረሱ ስሙን ስለቀየረው ጤነኛው ፋይል በክላውዱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ እሱም የሚቆየው 30 ቀን ነው። ወር ሙሉ እረፍት ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩን ያልከፈተ ሰው ይህን ዕድል ያመልጠዋል።

በየሳምንቱ ሰነዱን በቀን ሰይማችሁ አዲስ ቅጂ አስቀምጡ፤ የቀድሞው ላይ አትደርቡ። የተበላሸ ሰነድ ሳይታወቅ ለሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ አንድ መጠባበቂያ ብቻ ካላችሁ ጉዳቱ መጠባበቂያው ላይም ይደረባል። በወር አንዴ ደግሞ ከቅጂው አንዱን በሌላ መሣሪያ ከፍታችሁ እዩት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ መኖሩ አይታወቅም።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ በራንሰምዌር መከላከያው ሥር «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚል ማብሪያ አለ፤ ከ2017 ጀምሮ በዊንዶውስ 10 ውስጥ የገባ ሲሆን እናንተ ካላበራችሁት ተዘግቶ ይኖራል። ሲበራ የማይታወቅ ፕሮግራም «ዶክዩመንትስ» ውስጥ እንዳይጽፍ ይከለክላል። አንዳንዴ ንጹሕ ፕሮግራምንም ያስቆምና ያናድዳል፤ ያን ፕሮግራም በስሙ መፍቀድ ይሻላል፣ ማብሪያውን ከማጥፋት።

በጋራ ኮምፒውተር ላይ ለማተም የሚሄድ ፍላሽ ሌላ፣ የሥራ ፍላሽ ሌላ ይሁን። የማተሚያው ፍላሽ ላይ ፒዲኤፍ ብቻ ይኑር፤ ተይዞ ቢመለስ ፎርማት ለማድረግ ልብ አይከብድም። የኤስዲ ካርድ መቆለፊያ መንሸራተቻን የሚተማመኑ አሉ፤ ነገር ግን መቆለፊያውን የሚያከብረው ወይም የማያከብረው ካርዱ ሳይሆን አንባቢው ነው።

ጥርጣሬው ልክ የሚሆነው መቼ ነው?

«አንቲቫይረሱ ራሱ ይሰልለናል» የሚለው ወሬ መሠረት አለው። አቫስት የተባለው የታወቀ ነፃ አንቲቫይረስ የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት ታሪክ ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ተጋልጦ ቅርንጫፉ ተዘግቷል፤ በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዟል። «ዌብ ኦፍ ትረስት» የተባለ፣ የትኛው ገጽ ይታመናል የሚል ምክር የሚሰጥ የብራውዘር ተቀጥላ የተጠቃሚዎቹን ታሪክ ለሌሎች ሲያሳልፍ እንደነበር በ2016 አንድ የጀርመን ብሮድካስተር አጋልጧል። በ2017 ሲክሊነር የተባለው ኮምፒውተር ማጽጃ ከራሱ ከአምራቹ ገጽ ሲወርድ ቫይረስ ይዞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው አንቲቫይረስም አፕዴትም ይቅርብኝ» ማለት ግን ስህተት ነው። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያንቀጠቅጥ፣ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት መጋቢት 14 ወጥቶ ነበር። የተያዙት በእነዚያ ሁለት ወራት ያልጫኑት ናቸው። አፕዴቱን ማይክሮሶፍት ይሰልለኛል ብሎ የዘጋ ሰው፣ ስሙን የማያውቀው ሰው የሠራውን ክራክ በአስተዳዳሪ መብት ሲከፍት ማየት የተለመደ ነው። ከሁለቱ አንዱን መፍራት ካለበት የቱን መፍራት እንዳለበት ግልጽ ይመስለናል።

መረጃ አሰባሰቡን መቀነስ ከፈለጋችሁ ቦታው ሌላ ነው። በዊንዶውስ ሴቲንግስ «ፕራይቬሲ» ውስጥ «ዳያግኖስቲክስ» በሚለው ሥር አማራጭ የሆነውን መረጃ መላክ አጥፉ፤ አስገዳጁ ክፍል በተራው የቤት ዊንዶውስ ላይ አይጠፋም። የብራውዘር ተቀጥላዎችን ዝርዝር ክፈቱ፤ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃችሁን ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ የያዘ ተቀጥላ የምትከፍቱትን ኢሜይልና የትምህርት ቤት ፖርታል ሁሉ ያነባል ማለት ነው። ለሰዋስው ማረሚያ ይህ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ለቀለም መቀየሪያ አያስፈልገውም። በስልክ ላይ የምትጭኑት የቁልፍ ሰሌዳም የምትጽፉትን ፊደል ሁሉ ያያል። አንድሮይድ ሲጫን የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ለወጉ የተጻፈ አይደለም፤ የሠራው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰሌዳ ላይ የይለፍ ቃል አትጻፉ።

ጥንቁቅ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። ቫይረስቶታል ፋይልን በብዙ አንቲቫይረሶች በአንዴ የሚያስፈትሽ ጠቃሚ ገጽ ነው፤ ነገር ግን የምትጭኑት ፋይል ለክፍያ ደንበኞቹና ለፀጥታ ኩባንያዎች ክፍት ይሆናል። የወረደ ፕሮግራም ለማስፈተሽ ይህ ምንም አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍን ወይም የቃለ መጠይቅ ቅጂን መጫን ግን አሳልፎ መስጠት ነው። ለሰነድ ፋይሉን ሳይሆን አሻራውን ፈልጉ፤ ሰቨን ዚፕ የተባለውን የፋይል ማሸጊያ የጫነ ሰው ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ሻ-256 የሚባለውን ረጅም ቁጥር ያወጣና በገጹ መፈለጊያ ላይ ይለጥፈዋል። ፋይሉ ቀድሞ የታወቀ ቫይረስ ከሆነ ይነግራችኋል፣ ካልሆነ ከእጃችሁ የወጣ ነገር የለም።

የነፃ ኩረጃ መፈተሻ ገጾችም እንዲሁ ናቸው። ረቂቃችሁ በገጹ ቋት ውስጥ ከቀረ፣ በኋላ የምታስገቡት ዋናው ሥራ ከራሳችሁ ረቂቅ ጋር ተመሳስሎ እንደ ኩረጃ ሊቆጠር ይችላል። ከትምህርት ተቋሙ መፈተሻ ውጪ ለሌላ አትስጡ፤ እሱም ቢሆን ረቂቁን ያስቀር እንደሆነ መምህሩን ጠይቁ።

የሰዎች ስም፣ ሕመም ወይም አቋም ያለበት የጥናት መረጃ ከያዛችሁ ስሞቹን በቁጥር ተኩ፣ የስምና የቁጥሩን ዝርዝር ለብቻው አስቀምጡ። ዝርዝሩን በሰቨን ዚፕ በይለፍ ቃል ስታሽጉ «የፋይል ስሞችንም ደብቅ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ ይዘቱ ቢቆለፍም የፋይሎቹ ስም ከውጭ ይነበባል። ሰነድ ከመላካችሁ በፊትም ወርድ ውስጥ «ኢንስፔክት ዶክዩመንት» የሚለውን አስኪዱ፤ የጸሐፊውን ስም፣ አስተያየቶችንና የማሻሻያ ታሪኩን ያወጣዋል። ይህን በቅጂው ላይ አድርጉት፤ ከዋናው ላይ ከወጣ አይመለስም።

በምስጢር መቆለፍ ራሱ ፋይል የሚያሳጣበት መንገድም አለ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን ሳይጠይቁ ይቆልፉታል። ተጠቃሚው የሚያውቀው ላፕቶፑ ቦርዱ ተቀይሮ ሲመለስ፣ አንዳንዴም ከባዮስ (የኮምፒውተሩ ማስነሻ ሶፍትዌር) አፕዴት በኋላ፣ 48 አኃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ አስገቡ ሲለው ነው። ቁልፉ ከሌለ የትኛውም ባለሙያ ዲስኩን አይከፍተውም። ዛሬውኑ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ቁልፉ እዚያ መኖሩን አረጋግጡ፣ በወረቀትም ጻፉት፤ ወረቀቱን ግን በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት።